ከደረት በላይ የማይወጣ ድምፅ

ባለፈው እሑድ ሦስት ወጣቶች ደጄን አንኳኩ፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። ሦስቱም አንድ ዓይነት የሚያብረቀርቅ ቀሚስ ለብሰዋል። ከሩቅ ሲታይ ሐር ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት የጃንጥላ ጨርቅ ነው። የመዘምራን ማኅበራቸው የተመሠረተበትን በዓል ሊያከብሩ ነውና፣ በጃንሆይ ጊዜ ከነበረው የወጣቶች ማኅበር እስካሁን በሕይወት ያለሁት እኔ ስለሆንኩ መጥቼ ትንሽ እንዳጫውታቸው ለመኑኝ። ድንኳን ይተከላል፤ ከበሮው ብዙ ነው፤ ድምፅ ማጉያው አዘዞ ድረስ ይሰማል። አዘዞ ድረስ መሰማቱን እንደ ጽድቅ ነበር የነገሩኝ።

“አባባ፣ በእርስዎ ጊዜ የትኞቹን መዝሙሮች ነበር የምትዘምሩት?” አለች ልጅቱ።

“አንዘምርም ነበር።”

ተያዩ። “የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር አልነበረም እንዴ?”

“ነበር እንጂ።”

“ታዲያ ተሰብስባችሁ ምን ትሠሩ ነበር?”

“እናስል ነበር” አልኳት።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ጉንጬን ስመው ሄዱ። እኔ ግን አልቀለድኩም። መዝሙር የሌለው ስብሰባ አይቶ የማያውቅ ሰው የሚጎድለው ዜማው ብቻ ይመስለዋል። መጀመሪያውም ነው የሚጎድለው። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ተጀመረ ብሎ የሚነግረው ነገር ስለሌለ ያስላል። አንዱ ሲያስል ሌላው ይከተላል። ከዚያ ሁሉም የጣሪያውን ጭራሮ ይቆጥራል። እኛ የጎንደር ልጆች ከአንድ ዓመት በላይ እንደዚያ ስናስል ኖረናል፤ ያንንም ማኅበር እንለው ነበር።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የፒያሳ ቤቶች ቢጫ ቀለማቸው ገና አልለቀቀም፤ በየመንገዱ ዳር የተጣለ የማኪና ቆርቆሮ ይገኛል፤ ያገሬው ሰው ከጎማው በረባሶ፣ ከቆርቆሮው ኩራዝ ይሠራበታል። ሻይ በአምስት ሳንቲም ነበር፤ ብርጭቆዋ ወገቧ የቀጠነ፣ ስኳሩ ከታች ሳይሟሟ የሚቀር። አሁን በዚያው ማዕዘን፣ በዚያው ደረጃ ላይ፣ ልጆች የወረቀት ኩባያ ይዘው ቆመው ይጠጣሉ፤ ከጠጡም በኋላ ኩባያውን እዚያው ይጥሉታል። ያኔ ብርጭቆ የሰበረ ሰው ስሙ ለሳምንት ይነሣ ነበር። እኔ አራዳ አንድ የመናዊ ነጋዴ ሱቅ ተቀጥሬ ስኳርና ሻይ ቅጠል በጋዜጣ እጠቀልላለሁ። ልብሴ የካኪ ቁምጣና እጁ ያጠረ ኮት ነው። ግጥም የተማርኩት ከዚያ ጋዜጣ ነው። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ የኔታ የምለው ሰው አልነበረኝም። ጋዜጣው በየሩብ ይቀደዳል፤ የግጥሙ ራስ እኔ ዘንድ ሲቀር እግሩ የሰው ስኳር ይዞ ይሄዳል። የጎደለውን ራሴ እሞላለሁ። አንዳንዴ ደንበኛ ወረቀቱን መልሶ ሲያመጣ ከእኔ ሙሌት ጋር አስተያየው ነበር። የእኔ ይሻል ነበር። ይህን በትዕቢት አልናገረውም፤ ጋዜጣው በጣም መጥፎ ስለነበረ ነው።

ማኅበሩን ያቋቋመው አቶ ዘውዴ የሚባል፣ ከሸዋ ተሹሞ የመጣ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። በጠራራ ፀሐይ ካፖርት የሚለብስ፣ ሲያነጥስ እንኳ ዙሪያውን አይቶ የሚያነጥስ ሰው። ጎንደርን ላነቃ መጣሁ ይል ነበር፤ እኛም ተኝተን እንደምንጠብቀው እናውቅ ነበር። የደብሩን አለቃ ሄዶ ለመናቸው፤ እሳቸውም እሑድ ከሰዓት በኋላ በደጀ ሰላሙ እንድንሰበሰብ ፈቀዱ። ፈቃዱ ግን ሦስት መዝጊያ ነበረው። ከበሮ የለም። ጭብጨባ የለም። ዜማ የለም። ዜማ የሊቃውንት ነው፤ ያልተማረ ሰው በአማርኛ ቢያዜም ሚሲዮን መሆኑ ነው። ከአንገረብ ወንዝ ወዲያ አንድ የሚሲዮን ቤት ነበር፤ ኦርጋን አለው፣ ነፋስ ሲመቸው ድምፁ እስከ ገበያ ይመጣል። አለቃው የሚፈሩት እሱን ነበር። ለመፍራታቸው አልነቅፋቸውም። መፍትሔያቸው ግን ሌባ እንዳይገባ ብሎ በሩን በራሱ ቤተሰብ ላይ የሚቆልፍ ሰው መፍትሔ ነበር።

አቶ ዘውዴ የመዝሙሩን ጊዜ በራሱ ድምፅ ሞላው። ስለ ጥርስ ንጽሕና ተናገረ። ስለ ሰዓት ማክበር ተናገረ፤ እሱ ራሱ አርፍዶ መጥቶ። መሐረብ እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየን፤ በዚያ ክፍል መሐረብ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ሳሉ ሲበዛበት የብስክሌት ደወል ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አሰረ፤ ሲጀመር ቂሊሊሊ፣ ሲያልቅ ቂሊሊሊ። ከዚያ የጥያቄና መልስ ውድድር መጣ፤ ሽልማቱ ሳሙና። የኖኅ ልጆች ስንት ናቸው ብሎ ጠይቆ፣ ሦስት ያለውን ልጅ በሰፊው አስጨበጨበለትና፣ ጭብጨባ መከልከሉ ትዝ ሲለው አዳራሹን በሙሉ ይቅርታ አስጠየቀ። በዚያን ጊዜ መሪ ነኝ ይል የነበረው እንዲህ ያለው ነበር። ሕዝቡ እሑድ በመጣ ቁጥር ሳሳ። ሰው ሲቀንስበት ንግግሩን ያስረዝማል፤ ባስረዘመ ቁጥር ሰው ይቀንሳል፤ ሁለቱ ነገር ይያያዛል ብሎ ግን አንድም ቀን አልጠረጠረም።

እኔ እዚያ የምቀመጠው ለአቶ ዘውዴ መሐረብ አልነበረም። ለእህቴ ለየሺ ነበር።

የሺ ታናሼ ናት። እናታችን ሞታለች፤ አባታችን ከመካነ ብርሃን በግ እያመጣ ጎንደርና ማክሰኝት የሚሸጥ፣ ቃሉን ከተናገረ የማይመልስ ደገኛ ነው። ከገዛ ወንድሙ ጋር በአንዲት የእርሻ ድንበር ተጣልቶ አላውቀውም ያለ ቀን፣ እውነትም እስኪሞት አላወቀውም። የሺ ድምፅ ነበራት። ስለ ድምፅ መጻፍ ሞኝነት ነው፤ ይህን ብቻ ልበል፦ ቅሐ ወንዝ ልብስ ስታጥብ ሌሎቹ አጣቢዎች ልብሱን ድንጋይ ላይ መምታት ያቆሙ ነበር። የሚሲዮኗ ሴትዮ አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ ሰማቻትና፣ እሑድ ነይ፣ ከኦርጋኑ ጋር ትዘምሪያለሽ አለቻት። የሺም ደብቃ መያዝ የማታውቅ ስለሆነች ለአባባ ነገረችው።

አባባ ጋቢውን አስተካከለ። “ስሚ” አላት። “ከዚያ ደጅ የገባሽ ቀን ልጅ የለኝም። ጨርሻለሁ።”

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። እሑድ ከሰዓት ከቤት የምትወጣበት ሌላ ደጅ ደጀ ሰላሙ ብቻ ነው። ደጀ ሰላሙ ደግሞ ሳልና ደወል ነው። ከአንድ ስብሰባ ስንመለስ፣ “አያ” አለችኝ፤ ታላቅዋ ስለሆንኩ አያ ትለኛለች፤ “ሰውዬው ስለ ጥርስ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ጥርሴ እኮ ሸጋ ነው። ምነው አንድ ጊዜ እንኳ አፌን አስከፍቶ ቢያየው?”

“ትንሽ ታገሺ።”

“እዚያ ማዶ እኮ አፍሽን ክፈቺ ነው የሚሉኝ።”

በማግሥቱ አቶ ዘውዴ ዘንድ ሄድኩ። ግጥም ጽፌያለሁ፣ አባላቱ በአንድ ድምፅ ያንብቡት፣ ማንበብ ዜማ አይደለም አልኩት። ሲፈራ ካፖርቱን የመቆለፍ ልማድ ነበረው፤ እስከ አንገቱ ቆለፈ። መመሪያ መጠየቅ አለብኝ አለ፤ ጠየቀ። አለቃውም የሚቆጣጠረን ሰው ላኩልን። መሪጌታ ወርቅነህ ይባላሉ።

መሪጌታ ወርቅነህን ማንም ሊቅ አይደሉም አይላቸውም፤ እኔም አልልም። ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ያውቁታል። ግን ለዜማ ብለው በልጅነታቸው በየመንደሩ ለምነው፣ ውሻ ነክሷቸው፣ ቁርና ረኃብ ችለው ነበርና፣ ያንን ሁሉ ያልቀመሰ ሰው አፉን ከፍቶ ሲያንጎራጉር ከጓዳቸው የተሰረቀ ይመስላቸው ነበር። እኔን “የሱቁ ባለ ቅኔ” ነበር የሚሉኝ። እኔም በሆዴ ብዙ እላቸው ነበር። መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። መቋሚያ ካህናት በማኅሌት ጊዜ የሚደገፉት፣ ዜማውንም ወለል እየመቱ የሚያስኬዱበት ረጅሙ ዘንግ ነው።

“በሉ” አሉ። “ንግግር ንግግር ነው። ድምፅ ከደረት በላይ የወጣ እንደሆነ ግን ይኸን ወለሉ ላይ አሳርፈዋለሁ። ያን ጊዜ ሁላችሁም ዝቅ።”

“እንዴት ነው የሚለየው የኔታ?” አለ አቶ ዘውዴ።

“ይህን እኔን ነው የምትጠይቀኝ?” አሉት። እሱም ደወሉ አጠገብ ተቀመጠ።

ጀመርን። የመጀመሪያው ግጥሜ እንዲህ ነበር የሚል፦

ጠዋት የሰጠኸኝ እስከ ማታ በቃኝ፣
እንቅልፍ ላይ ሳለሁም አንተ ነህ ያየኸኝ።

ትልቅ ግጥም አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ግጥም ነው፤ ግጥም ደግሞ ቤቱ ጋ ሲደርስ የአንባቢውን ድምፅ ያነሣል፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም። “በቃኝ” ላይ ሁላችንም ትንሽ ከፍ አልን። ጧ! መቋሚያው ወለሉን መታ። ዝቅ አልን። “ያየኸኝ” ላይ ደርሰን ከፍ አልን። ጧ! እንደገና ዝቅ። ሁለተኛው ግጥም፣ ሦስተኛው ግጥም፤ በየቤት መምቻው ጧ፣ በየቤት መምቻው ጧ። መሪጌታ እየቀጡን ነበር። እኛ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረና የሚሄድ ነገር አገኘን። ከበሮ መቺያችን ራሳቸው መሪጌታ ሆኑ። የሺ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ እየሳቀች ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ከፊተኛው የበዛ ሰው መጣ። ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ በር ላይ ቆመው የሚያዳምጡ ነበሩ፤ መሪጌታ ማንን እንደሚመቱ ለማየት ነው የምንመጣ ይሉ ነበር፤ ውሸታቸውን ነው። መሪጌታም ቀስ በቀስ ሌላ ሰው ሆኑ። ሕይወታቸውን በሙሉ ማኅሌት የቆመ ክንድ ልማዱን አይረሳም። ድምፃችን ከፍ ሳይል በፊት መቋሚያው ይነሣል፤ ከፍ ስንል ያርፋል። ትከሻቸው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን ግጥሙ አልቆ ሁላችንም ዝም ካልን በኋላ አንዲት ምት ብቻቸውን መቱ፤ ዓይናቸውን ገልጠው ዙሪያውን አዩና፣ “ከፍ ብላችሁ ነበር” አሉ። ማንም አልሳቀም። ከበር የቆሙት ግን ወጥተው ሳቁ።

አሁን በየአጥሩ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው የሚጮኹትን ስሰማ ያችን ብቸኛ ምት አስታውሳለሁ። እነዚህ ልጆች የሚከለክላቸው የለም፤ ቢሆንም ከደረታቸው በታች የሚነሣ ነገር አልሰማባቸውም። ሁሉም ከጉሮሮ ነው። ቀሚሱም፣ ድምፁም፣ ለቅሶውም ከአንድ ሱቅ የተገዛ ነው።

የሚጠበቀው ቀን ደረሰ። ማን እንደ ነገራቸው አላውቅም፤ አለቃው ራሳቸው በበቅሎ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ፣ ክፍሉ ጢም ብሏል፤ ወጣቱ በአንድ ድምፅ ግጥም ይላል፤ የሺ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ድምፅዋ ከሁሉም በላይ እንደ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ በሩ አጠገብ ደግሞ የላኩት ተቆጣጣሪ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እየተወዛወዙ፣ መቋሚያ ይመታሉ።

“መሪጌታ!” አሉ አለቃው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው ምን እንደመሰለ አልገልጽም፤ ሰው ነበሩ። የተናገሩት ግን ይጻፍ። “እየቀጣሁ ነበር ጌታዬ” አሉ። “ይህቺ ልጅ ናት። ዜማ ያነሣችው እሷ ናት፤ እሷ ስታነሣ እኔ እመታለሁ።”

አለቃው ወደ አቶ ዘውዴ ዞሩ። የማኅበሩ መሪ፣ የጎንደር አንቂ፣ አንዲት ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ሁላችንም ነን ቢል፣ መሪጌታም ራሳቸው ናቸው ቢል። ካፖርቱን ቆለፈ። “ትክክል ነው ጌታዬ፤ እኔም አስጠንቅቄያት ነበር” አለ። አላስጠነቀቃትም።

“እንግዲያው ሴቶቹ ከዛሬ ጀምሮ አይገቡም” አሉ አለቃው። “ወንዶቹ ይቀጥሉ። ግጥሙ ግን ይቅር።”

እኔ ጮኼ ተናገርኩ፤ ማን ይሰማል፣ የሱቅ ልጅ። የሺ ነጠላዋን አጣፋች። መሪጌታ ፊት ስትደርስ ቆመች። “የኔታ፣ ምነው?” አለች። እሳቸውም ወለሉን አዩ። ከኋላችን የብስክሌቱ ደወል ጮኸ፤ አቶ ዘውዴ ስብሰባውን መዝጋቱ ነው። ያ ማኅበር ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ነበር ይባላል። አራት አምስት ወንዶች እየሄዱ ስለ ሰዓት ማክበር ይሰሙ ነበር፤ አቶ ዘውዴም በዚያ ሥራው ተመስግኖ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወረ። እዚያም መሐረብ ሲያጣጥፍ ኖሮ ይሆናል።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት ሱቅ ለዕቃ ቆጠራ ተፈልጌ ቆይቼ ቤት ስመጣ የሺ የለችም። አባባ ደጃፍ መደቡ ላይ ተቀምጧል። የጎረቤታችን ሚስት አጥሩ ላይ ቆማለች፤ ነገር ያመጣች ሴት እንደምትቆመው፣ ለመሄድ እየተዘጋጀች ሳትሄድ።

“በዓይኔ ነው ያየኋት አያ ደስታ” ትለዋለች። “ሰተት ብላ ገባች። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ብቻ ላንተ ብዬ ነው።”

“ሰምቻለሁ። ሂጂ” አላት አባባ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱን ለመለመን ግጥም አይረዳም፤ ቢሆንም ልለምነው ሞከርኩ። ደጀ ሰላሙ አባረራት፤ የት ትሂድ አልኩት። ወንድሙን አላውቀውም ያለ ቀንም እንደዚህ ነበር የተቀመጠ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የማይታይ ነገር እየተመለከተ። ኦርጋኑ ከማዶ ይሰማል፤ ነፋሱ ወደኛ ነበር። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ የሺ በሰፈሩ ጠባብ መንገድ መጣች። ብቻዋን፣ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ። አባባን ስታየው አልደበቀችም፤ እንዳልኩት አታውቅበትም።

“ገባሽ?” አላት።

“ገባሁ።”

“ዘመርሽ?”

“አንድ።” ትንሽ አመነታች። “ከዚያ ወጣሁ።”

“ለምን ወጣሽ?” አልኳት እኔ፤ አባባ ከመናገሩ በፊት ነገሩን ለማራዘም ነው።

“አያ፣ ኦርጋኑስ ሸጋ ነው፤ ወዮ ሸጋ! ግጥሙ ግን ምነው እንደዚያ? ፈረንጅ ነው የጻፈው መሰል። አፌ ውስጥ አልገላበጥ አለኝ።”

“ምን ይላል?” አለ አባባ። ድምፁ እንደ ዳኛ ነበር።

የሺ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጆቿን እንደ ሚሲዮን ልጆች ከፊቷ አጣመረች፤ በዚያ ልብስ አጣቢ ባስቆመ ድምፅዋ አወረደችው፦

“እኔ ነኝ ትንሽ በግ፣ እኔ ነኝ በጣም ነጭ፣ ደስታዬ ነው ትልቅ በልቤ ሳጥን ውስጥ።”

የአባባ ጢም ተንቀሳቀሰ።

“በጣም ነጭ?” አለ።

“በጣም ነጭ።”

“እና ደስ አለው?”

“በልቡ ሳጥን ውስጥ።”

“ነጭ በግ እኮ” አለ አባባ፤ ዕድሜ ልኩን በግ የነዳ ሰው ነውና በቁም ነገር ሊያስረዳን ጀመረ፤ “ነጭ በግ እኮ ገዢ የሚሻማበት ነው። ከገበያ መጀመሪያ ወጥቶ መጀመሪያ የሚታረደው እሱ ነው። ምኑ ነው የሚያስደስተው? ይኼ ሰው በግ አይቶ አያውቅም! ቢያንስ ጥቁር ነኝ ቢል…” እዚህ ላይ አልቻለም። እናታችን ከሞተች ወዲህ አባባ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ እንዴት እንደሚስቅ ረስቼው ነበር። ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ፣ መደቡን በመዳፉ እየመታ፣ “ሳጥን ውስጥ!” ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። የሺ ከቆመችበት ሆና ሳቋን ይዛ በፍርሃት ታየዋለች። እኔም አየዋለሁ።

ዓይኑን ጠረገ። እኔን ተመለከተኝ። “አንተ ባለ ግጥም ነኝ ትል የለም እንዴ? ለልጅቱ የሰው ነገር ጻፍላት እንጂ። እዚሁ ቤት ትበለው። የቤቴ ወለል ለማንም መሪጌታ አልተሰጠም።”

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። አሁንም ያ ቃሉ መካከላቸው ቆሞ ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ ቃሉን መመለስ ደግሞ በዘሩ የለም። እጁን ዘረጋ፤ እጅጌውን ወደ ክርኑ ሰበሰበ።

“በይ የእጅ ውኃ አምጪልኝ” አለ። “እራት አይበላም?”